የቦራ ግራ እግር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሽኝቱ ላይ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከጎኔ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ እናንተ በነበራችሁበት ዘመን መኪና የለ፣ ሞተር ሳይክል የለ፣ ስልክ የለ፤ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንዲት ፈረስ ራሷን በራሷ እንዳትመታ እጠብቅ ነበር» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ድሮ ቢሆን ተቆጥቼ ከወንበሩ አስነሳው ነበር፤ ግልፍተኛ መሆኔን ጂንካ ውስጥ የማያውቅ የለም። አሁን ግን ጉልበቱም የለኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው የሰጠሁት መልስ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት ከትቤአለሁ። ኦሞራቴ ወርጄ በሙቀት ተቀቅያለሁ፣ ቦዲዎች አገር ሃና ከርሜ በወባ ተንቀጥቅጫለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የአንዲት ባዝራ ግራ እግር ነው።

እስቲ የፈረስን እግር ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከጉልበቱ በታች ሥጋ የሚባል ነገር የለውም። አጥንት አለ፣ ጅማት አለ፣ ቆዳ አለ፤ በቃ። ኮቴ የምንለው ደግሞ አንድ ጥፍር ነው፤ እኛ በመሀል ጣታችን ጫፍ ላይ ያለችን ዓይነት አንዲት ጥፍር። ያን ሁሉ ገላ፣ ከላዩም ኮርቻና ሰው፣ በአራት ጥፍር ላይ አስቀምጦ ገደል ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል። ሲሮጥ ደግሞ አንዱ እግር ሌላውን በሁለት ጣት ርቀት እያለፈው ነው። እኔ ይህን ሁሉ ከወረቀት አልተማርኩትም። ምስክር ወረቀት ይዤ ስመጣ የማውቀው መርፌ መውጋትና ቅጽ መሙላት ነበር።

ጂንካ የተመደብኩት የስድሳ ስድስቱ ለውጥ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ትውልዴ ጎፋ ነው። አጭር ኮርስ ወስጄ የእንስሳት ጤና ረዳት ተባልኩና ሰው ሁሉ «ዶክተር» ሲለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አቤት እላለሁ። መሥሪያ ቤታችን አንዲት መኪና ነበረችው፤ እሷም ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። ሥራው የሚሠራው በአራት ፈረስና በሁለት በቅሎ ነው። ክትባቱ በአውሮፕላን ከከተማው መሀል ካለው የሣር ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ሕዝቡ እየጮኸ ከብቱን ከሜዳው ያባርራል፤ እኛ የታሸገበት በረዶ ሳይሟሟ ክትባቱን ጭነን ወደ ቆላ እንወርዳለን።

የፈረሶቹ ጠባቂ ጋሽ ጋልቻ የሚባሉ የአሪ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። መጀመሪያ ያየኋቸው ጠዋት ከሣሩ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። አንድ ሰው ፈረስ እየጎተተ ከፊታቸው ይርቃል።

«ምን ሆነው ነው? ታመዋል እንዴ?» አልኩ።

«እሽ!» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን?»

«አራት የኮቴ ድምፅ ነው መስማት ያለብኝ። አምስተኛ ከሰማሁ ራሱን መትቷል ማለት ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ፈረሱ ሲመለስ ተነስተው በእያንዳንዱ እግር ላይ የእጃቸውን ጀርባ ከጉልበት እስከ ኮቴ ቀስ አድርገው አወረዱት፤ ሙቀት ፈልገው ነው። ይህን ሲያደርጉ ያንጎራጉሩ ነበር። ዜማው መዝሙር ነው፤ ቃል ግን የለውም። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበርና ቃሉን በሆዳቸው ይዘውት ዜማውን ብቻ ያወጡታል። በኋላ ስንግባባ እኔም የዚያው ጸሎት ቤት ልጅ መሆኔን ነገርኳቸውና ሁለታችንም በአፍንጫችን እያዜምን ፈረስ እናሻሽ ነበር።

ከፈረሶቹ ሁሉ ቦራ ትለያለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦራ የተባለችው። እናቷ ስትወልዳት አልወጣ ብላ ጋሽ ጋልቻ በእጃቸው ጎትተው ነው ያወጧት። ደረቷ ጠባብ፣ የፊት ኮቴዎቿ ጫፍ ወደ ውጭ የዞረ ነበር። እንዲህ ያለ ፈረስ እግሩን ሲያነሳ ቀጥ ብሎ አይሄድለትም፣ ወደ ውስጥ ይጠማዘዛል። ስትደክም ወይም ቁልቁለት ስትወርድ ቀኝ ኮቴዋ ግራ እግሯን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ጠቅ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ፀጉር ይላጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ ቆዳ፣ ሦስተኛ ጊዜ ጅማት ላይ ይደርሳል።

«ምን ያለች ደደብ ፈረስ ናት፤ ራሷን የምትመታ!» አልኩ አንድ ቀን።

ጋሽ ጋልቻ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ተስፋዬ፣ አንተ ስትሄድ ሁለት እግር ነው ያለህ፤ ያም ሆኖ ትሰናከላለህ። እሷ አራቱን እንዴት እንደምታሳልፋቸው አስበህ ታውቃለህ? መምታቷ አይደለም የሚገርመው፣ አለመምታቷ ነው» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈረስ ሲሮጥ ሳይ ልቤ ቀጥ ይላል።

የእሳቸው አሠራር ብዙ ነበር። ኮቴውን በአንድ ጊዜ አይቆርጡትም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይሞርዱታል። ጭነት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሰው እየጮኸም ቢሆን አስቁመው እንደገና ያስጭናሉ። ረጅም መንገድ ሲኖር ደግሞ ለቦራ እግር መሸፈኛ ያስራሉ። መሸፈኛው በደንብ ከለፋ የፍየል ሌጦ የተሰፋ፣ በውስጡ የእንሰት ቃጫ የተጠቀጠቀበት፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ነበር። ቋጠሮው ወደ ውጭ ይሆናል፤ ከሥሩ አንድ ጣት መግባት አለበት፤ ወንዝ በተገኘ ቁጥር ይፈታል፣ እግሩ ይታያል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይታሰራል። ይህን ለማንም አይሰጡም፣ ራሳቸው ያስራሉ፣ ራሳቸው ይፈታሉ።

መሸፈኛውን የሚሠሩላቸው ጋሽ አይኬ ናቸው። ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ በላይ፣ ቆዳ እያለፉ የሚኖሩ ሰው፤ ባለቤታቸው ደግሞ ሸክላ ሠሪ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያን ጊዜ ቆዳ የሚያለፋና ሸክላ የሚሠራ ሰው ቤት አይገባም ነበር። ሥራቸውን እንገዛለን፣ ደጃቸው ላይ ቆመን እንጠራለን፣ አብረናቸው አንበላም። እሑድ እሑድ ተደብቀን ሁላችን አንድ ነን እያልን የምንጸልይ ሰዎች ሰኞ ሲሆን በእነሱ ደጅ ዓይናችንን መልሰን እናልፍ ነበር። ጋሽ ጋልቻ ብቻ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ይበላሉም። ሰው ያማቸዋል፤ እሳቸው ጆሮ አይሰጡም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ክረምት ላይ ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ በሃና በኩል በአርብቶ አደሮቹ በቦዲዎች ከብት ውስጥ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ያ በሽታ ከገባ መንጋ አይተርፍም፤ መንጋ ካልተረፈ ሰውም አይተርፍም። አውሮፕላኑ ክትባቱን አምጥቶ አረፈ። ጋሽ ጋልቻ ግን በወባ ተኝተዋል። የቦራን መሸፈኛ ላወጣ ብሄድ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ውሻ ገብቶ አኝኮታል፤ የቀረው ቁራጭ ነው።

ጋሽ ጋልቻ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ፣ «አይኬ ጋ ሂድ። እስከ ከሰዓት ይሠራልሃል። ያለ መሸፈኛ ቦራን ይዘህ ቁልቁለት እንዳትወርድ» አሉኝ።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

አልሄድኩም። መንገዱን ግማሽ ያህል ሄጃለሁ፤ ከዚያ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከፊቴ ሲመጡ አየሁና ያቺ ትንሽ ነፍሴ ሸሸች። ደጅ ላይ ቆሜ እንዳልጠራቸው የጋሽ ጋልቻ መልእክተኛ ነኝ፤ ገብቼ ልቀመጥ ደግሞ ነገ ማን ምን ይለኛል? ዞርኩና ቄራ ሄድኩ። በዚያው ቀን የታረደ በሬ ጥሬ ቆዳ አስቆርጬ፣ እንደ ጠፍር በረጅሙ ሸንሽኜ፣ በጆንያ ላይ የቦራን ሁለት የፊት እግሮች ጥምጥም አድርጌ አሰርኳቸው። እርጥብ ቆዳ እግሯ ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ አያችሁ፣ እንዴት ያምር ነበር! የራሴን ብልሃት እያደነቅሁ፣ የቦዲዎችን ቋንቋ የሚያውቅ መንገድ መሪ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደጋውን ስናቋርጥ ያካፋ ነበር፤ ቆዳው እርጥበቱን እንደያዘ ዋለ። ቦራም አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን አልመታችም። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ጋሽ ጋልቻ አዳመጥኩ፤ አራት ብቻ። ኮራሁ። ወንዝ ስንሻገር አልፈታሁትም፤ ለምን ልፍታው? በሁለተኛው ቀን ወደ ማጎ ሸለቆ ወረድን። ሸለቆው ውስጥ ገንዲ የሚሉትን የከብት በሽታ የሚያመጣ ዝንብ አለ፤ ከብትም ፈረስም ቆሞ ከዋለበት በሽታውን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሳናርፍ ማለፍ ነበረብን። ፀሐዩ እሳት ነው። ዝንቡ ይነድፋል፣ እኛ እንሮጣለን፣ ቆዳው ደግሞ እየደረቀ ነው።

እኔ ጎፋ ከተወለድኩ ጀምሮ በጠፍር አልጋ ላይ የተኛሁ ሰው ነኝ። ጠፍር እርጥቡን ተወጥሮ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እንጨቱን እንኳ እንዴት እንደሚያጎብጥ አባቴ አልጋ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ሁሉ እያወቅሁ አልታሰበኝም። ወይ ነዶ!

ሸለቆውን ጨርሰን ዳገቱን ስንጀምር ቦራ ቀጥ ብላ ቆመች። መታኋት። አልሄደችም። ጉልበቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ወርጄ እግሯን ስነካው ጠፍሩ ድንጋይ ሆኗል፣ ከበላይና ከበታች እግሯ ተነፍቶ ጠፍሩ ሥጋ ውስጥ ሰምጧል። ቢላ አውጥቼ ስቆርጠው የቀኙ እግር ቆዳው ትንሽ ብቻ ተልጦ ዳነ፤ የግራው ግን ዙሪያውን ተቆርጦ ከጠፍሩ ጋር ቆዳዋ አብሮ መጣ። ቦራ አልረገጠችኝም። አንገቷን ብቻ ዝቅ አድርጋ ትከሻዬ ላይ ተነፈሰች። እዚያው መንገድ መሪዬ ፊት አለቀስኩ።

ቦራ እየተጎተተች ሃና ደረሰች። ከብቱን ስንከትብ አንድ የቦዲ ሽማግሌ መጥተው እግሯን አጎንብሰው አዩና አንድ ነገር ተናገሩ። መንገድ መሪዬ መተርጎም አፈረ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ይቺ ምን ሰርቃ ነው ያሰራችኋት?› ነው የሚሉት።»

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ በምልክት ወንዝ ዳር ወስደው ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ አቆሟት፣ ጠዋትና ማታም እንዳቆማት አሳዩኝ። እዚያ በሰነበትንበት ጊዜ ሁሉ ውሃ ውስጥ አብሬያት ቆምኩ። እብጠቱ ቀነሰ። ስንመለስ ኮርቻዋን እኔ ተሸክሜ ያንን የዝንብ ሸለቆ በአንድ ትንፋሽ አለፍን። ግራ እግሯን መሬት እያስነካች መልሳ እያነሳች፣ በሦስቱ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ሄደች። እንዴት እንደሄደች እኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰው ቢሆን መንገድ ላይ ተኝቶ እግዜርን ይረግም ነበር።

ጂንካ ስንደርስ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ጊዜው የአሻጥር ጊዜ ነው፤ የመንግሥት ንብረት አጠፋ ከተባልኩ ጉዴ ፈላ። እናም «ፈረሷ በጉዞ ላይ ራሷን በራሷ አቆሰለች» ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚፈራ ሰው ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ኮሚቴ አባላት፣ እኔንና ከበሽታው የተነሱትን ጋሽ ጋልቻን ሰብስቦ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ጓድ ተስፋዬ፣ ፈረስ ራሱን በራሱ ያቆስላል? ይህ ወደ በላይ ቢሄድ ምን ይሉናል?» አለ። ከዚያ ወደ ጋሽ ጋልቻ ዞረ። «እርስዎ ያውቃሉ። ይሆናል እንዴ?»

ጋሽ ጋልቻ ከስብሰባው በፊት ቦራን አይተዋታል። ቁስሉ እግሯን ዙሪያውን እንደ ቀለበት የከበበ መሆኑን አይተዋል። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ይሆናል። ፈረስ ራሱን ይመታል» አሉ።

ኮሚቴው ወሰነ። የሚቀጥለው ክትባት እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ተሰጣት። ያኔ ሮጣ መሥራት የምትችል ከሆነ ትቀጥላለች፤ ካልቻለች ከንብረት መዝገብ ተሰርዛ በጥይት ትወገዳለች።

ውጭ ስንወጣ እግራቸው ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። «ጋሽ ጋልቻ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያሰርኳት። አይኬ ጋ አልሄድኩም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ኮቴ ዙሪያውን አይቆርጥም።»

«ታዲያ ለምን…»

«አንተን ቢያስሩህ እግሯ ይድናል?» አሉኝ። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ያ ነው የገደለኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁስሉ በጨውና በሞቀ ውሃ እየታጠበ ሲደርቅ ሌላ መከራ መጣ። ቦራ ግራ እግሯን እየሳበች ስለምትሄድ አረማመዷ ከድሮው የባሰ ተበላሸ። ቅርፊት በያዘ ቁጥር ሜዳ ላይ ስትግጥ ቀኝ ኮቴዋ መጥቶ ልክ ቁስሉ ላይ ጠቅ ያደርገዋል፣ ደሙ እንደገና ይወርዳል። ግርግም ውስጥ ብናስራት ቆማ እግሯ ያብጣል፤ ብንለቃት ራሷን ትመታለች። ቁስሉን በጨርቅ ብንሸፍነው ጨርቁ ይፍቀዋል፣ ይረጥባል፣ ይሸታል። ጋሽ ጋልቻ ሞረዱ፣ አዳመጡ፣ አንጎራጎሩ፤ ያም አልበቃም። ክትባቱ የሚመጣበት ጊዜ እየቀረበ ነው።

«ሂድ አይኬ ጋ» አሉኝ። «ብቻህን ሂድ።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሄድኩ። ደጅ ላይ አልቆምኩም፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጋሽ አይኬ አጭር፣ ክንዳቸው ወፍራም፣ እጃቸው ከቆዳው የተነሳ የጠቆረ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ጭቃ እያቦኩ ነበር፤ ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

«ጋሽ አይኬ» አልኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ብዬ ጠርቻቸው፣ «ያን ጊዜ ወደ እርስዎ ተልኬ ነበር። አፍሬ ሳልመጣ ቀረሁ። በጥሬ ቆዳ አሰርኳት።»

«ጥሬውን?» አሉና በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «አይ ዶክተር! ጥሬ ቆዳ እኮ ገና አልሞተም። ሰው ረግጦ፣ አሽቶ፣ ቅቤ አጠጥቶ ካላለፋው በስተቀር ያገኘውን ያንቃል።» ከዚያ ሳቁብኝ። በክፋት አልነበረም፤ እኔም ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም አብሮ መጣ። ቆጮ አቀረቡልኝ። በላሁ። ባለቤታቸው እጄን ሲያዩ አየኋቸው፤ እስክጎርስ ድረስ ዓይናቸውን አላነሱም።

ጋሽ ጋልቻን ጠርቼ ቦራን አመጣንላቸው። ወዲያና ወዲህ አስኬዷትና፣ «መቺው የትኛው እግር ነው?» አሉ።

«ቀኙ።»

«መቺው ቀኙ ከሆነ ታዲያ ለምን ግራውን ትጠቀልሉታላችሁ? የቆሰለው ነፋስ ይምታው፣ ይድረቅ። ሥራ ያለው መቺው እግር ላይ ነው።»

እኔና ጋሽ ጋልቻ ተያየን። ስንት ዓመት ፈረስ የያዝን ሰዎች! ጋሽ ጋልቻ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና «ኧረ አይኬ፣ ኧረ አይኬ» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ።

ጋሽ አይኬ ቤት ውስጥ ገብተው ባለቤታቸው እንስራ የሚያስቀምጡበትን ማቶት ይዘው ወጡ፤ ታውቁታላችሁ፣ እንስራው ዞሮ እንዳይወድቅ ከሥሩ የሚደረግ ከቃጫ የተጠመጠመ ቀለበት። የቦራን ቀኝ እግር አንስተው ከኮቴው በላይ ለኩት። «እንዲህ ያለ ነገር፣ ግን ለስላሳ። እግሯ ወደ እግሯ ሲመጣ ቀለበቱ ቀድሞ ይነካና መልሶ ይገፋዋል። ኮቴው አይደርስም።»

ባለቤታቸው ቃጫውን ገመዱ፣ ጋሽ አይኬ ሌጦውን አዘጋጁ፣ ማልፋቱ ግን የእኔ ድርሻ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ በባዶ እግሬ ያንን ሌጦ ረገጥኩት። ቅቤ እየቀቡ ይሰጡኛል፣ እረግጣለሁ፣ ይነኩታል፣ «ገና ነው» ይላሉ። እረግጣለሁ። ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ዶክተሩ ቆዳ ሲያለፋ» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ! በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ሌጦው በእጄ ውስጥ እንደ ሊጥ ሆነ፤ ያ ጠንካራ ነገር እንዲህ መሆኑ ራሱ አስገረመኝ።

ቀለበቱን አደረግንላት። በሜዳው ላይ ስትግጥ፣ ስትራመድ፣ ቁስሏ ሳይነካ ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ። ቅርፊቱ ጠና፣ ከሥሩ ስስ ሮዝ ቆዳ መጣ። መራመዱ ግን አይደለም የሚፈለገው፤ ኮሚቴው ሮጣ ካላየ አያምንም። በሩጫ ጊዜ ቀለበቱ ይችል አይችል ማናችንም አናውቅም። ያቺ ስስ ቆዳ አንድ ጊዜ ከተመታች ደግሞ ጅማቷ ነው የሚበጠሰው።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ። ኃላፊውና ኮሚቴው ሜዳው ዳር ቆመዋል፤ አንደኛው መሣሪያ ይዟል። ጋሽ ጋልቻ ከገበያ አንዲት የሐመር ሴት ለፀጉር የሚቀቡትን ቀይ አፈር በቅቤ ለውሳ ስትሸጥ አግኝተው በቅጠል ይዘው መጡ። የቦራን ቀኝ ኮቴ በግራ እግሯ በኩል ያለውን ጎን በሙሉ ቀይ ቀቡት።

«ይህ ለምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

«ኮቴው ግራ እግሯን ከነካ ቀዩ እዚያ ላይ ይገኛል። ማንም አይዋሽም፣ እኔም አልዋሽም» አሉ።

በዝግታ ልናስሮጣት ነበር ያሰብነው፣ ገመዷን ይዘን፣ ግማሽ ሜዳ ያህል ብቻ። ገመዱን ገና ሳላሳጥረው አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ። ሕዝቡ «ከብት! ከብት አባርሩ!» ብሎ ጮኸ። ቦራ ጆሮዋን አቆመች፣ ገመዱን ከእጄ መነጨቀችና ተፈተለከች።

እኔ እንደዚያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ያ በጠፍር ያነቅሁት እግር፣ በሦስት እየዘለለ የዝንብ ሸለቆ ያለፈው እግር፣ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በላው። ጭቃው ከኋላዋ ይዘንባል። አውሮፕላኑ ከላይዋ እያገሳ አለፈ፣ እሷ ከሥሩ። ገበያተኛው ጩኸቱን ትቶ ያያል። ጋሽ ጋልቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ከዚያ ርቀትና ከዚያ ጩኸት መሀል ምን እንደሚሰሙ እግዜር ይወቅ።

ሜዳው ጫፍ ላይ አጥሩ ጋ ቆመች። ሁላችንም ሮጥን፤ እኔ ቀደምኩ። ስደርስ ግን ጎንበስ ብዬ እግሯን ማየት ፈራሁ። ጋሽ ጋልቻ እያለከለኩ ከኋላዬ መጡ፤ ኃላፊውና ባለመሣሪያው ተከተሉ።

«ጋሽ ጋልቻ፣ እርስዎ ይዩት» አልኩ።

«አንተ ነህ የምታየው» አሉኝ።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ግራ እግሯን ስነካው ልትሸሽ መብቷ ነበር። አልሸሸችም። ራሷ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ከጉልበቷ ጀምሬ ወደ ታች ጭቃውን በመዳፌ ጠረግሁ። ሥሯ ይመታል፣ ቆዳዋ ይሞቃል። ስሱ ቆዳ ጋ ስደርስ መዳፌን አነሳሁ። በሸሚዜ እጅጌ ቀስ ብዬ አበስኩት። ከውጭ አየሁት፣ አዙሬ ከውስጥ አየሁት። ቀይ የለም። አንዲት ነጥብ ቀይ የለም።

«እህ? ምን ታየ?» አለ ኃላፊው ከላዬ።

እግሩን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። አጎንብሶ አየ፣ መሣሪያ የያዘውም አየ፤ ከዚያ ባለመሣሪያው መሣሪያውን ትከሻው ላይ መልሶ አነገተ። ከኋላቸው ጋሽ አይኬ በሰው መሀል ቆመው አየኋቸው፤ ገበያተኛው ሁሉ ተጠግቷቸዋል።

እኔ ግን እግሯን እንደያዝኩ እዚያው ተንበርክኬ ነበር። የጋሽ ጋልቻ እጅ ትከሻዬን ነካው።

«ተስፋዬ፣ በቃ እግሯን ልቀቅላት» አሉኝ። «ትሂድበት።»